የክፍል አንድ ሰማያዊ መብራት

ትንሿ ሐኪም በዚያን ዕለት ጠዋት ከቤት የወጣችው ወይ ለመዳር ወይ ለመባረር ነበር። ሁለቱም ለተመሳሳይ ሰዓት ተቀጥረዋል፤ ከምሳ በኋላ፣ በክሊኒኩ እንግዳ መቀበያ፣ በታካሚዎች ፊት። የሚለያቸው ከአፏ የሚወጣ አንድ ቃል ብቻ ነው። «ጥፋቱ የእጄ ነው» ካለች ሙሽራ ትሆናለች፤ ካላለች ነጭ ጋውኗን አጣጥፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች።

ነገሩን እንዲህ የቆረጡት እትዬ ናቸው። እትዬ የክሊኒኩ ባለቤት፣ ትንሿ ሐኪም የምትወደው የዝምተኛው ሐኪም እናትም ናቸው። ራሳቸው ሐኪም አይደሉም፤ ግን ሰው ሁሉ ትልቁ ሐኪም እያለ የሚጠራቸው ሟች ባላቸው ጥርስ ሲሞሉ መብራቱን ይዘው ከጎናቸው የቆሙት እሳቸው ነበሩ። የጥርስ ሙሌት ከቱቦው ሲወጣ እንደ ሊጥ ለስላሳ ነው። ድንጋይ የሚያደርገው ሰማያዊው መብራት ነው። ትልቁ ሐኪም ካረፉ ወዲህ የክፍል አንድ ወንበር ተለውጧል፣ ግድግዳው ተቀብቷል፣ መብራቷን ግን ደፍሮ የነካት የለም። እትዬ በየጠዋቱ በለስላሳ ጨርቅ ይወለውሏታል፤ ከዚያ መዳፋቸውን ከፊቷ ዘርግተው ያበሯታል፤ እጃቸው ላይ ሰማያዊ ሲፈስ ያያሉ፣ ይረካሉ። በክፍል አንድ የሚሠራ ሁሉ በእሷ ይሥራ፤ ይህ የቤቱ ሕግ ነው። ልጃቸው ዝምተኛው ክፍል ሁለት ውስጥ በአዲስ መብራት ይሠራል። ትንሿ ሐኪም ስትቀጠር ክፍል አንድ የተሰጣት ጊዜ፣ ትልቅ ክብር መስሏት ለመጋረጃ ሰፊዋ አክስቷ እየሮጠች ነግራታለች።

ጥሩ ጊዜም ነበር። ዝምተኛው ስሙን ያለ ሥራው አላገኘውም፤ ቃል ከአፉ የምትወጣው ተለምና ነው። ግን ያየዋል፣ ያስተውላል፤ እሷ ስትደክም ወንበር ይስብላታል፣ ስትስቅ እሱም ቀና ይላል። አንድ ቀን የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ላይ ቀዳዳ ተገኘበትና ሞልታለት ስትጨርስ፣ ጓንቷን ሳታወልቅ እጇን ያዘው። ምንም አላለም። እሷም ምንም እንዲል አልፈለገችም። ያን ቀን የያዛት መያዝ ግን ለወራት አልለቀቃትም።

ችግሩ የመጣው ሙሌቶቹ መመለስ ሲጀምሩ ነው። መጀመሪያ አንድ አዛውንት ሹፌር መጡ፣ ጉንጫቸውን ይዘው። ከዚያ አንዲት አስተማሪ፣ ከዚያ ሌሎች። ቀዝቃዛ ነገር ይጠዘጥዛቸዋል፣ ሲያኝኩ ያማቸዋል፣ የአንዷ ሙሌትማ ዳቦ ስትበላ ወልቆ ወጥቷል። ሁሉንም የሞላች ትንሿ ሐኪም ናት። የዝምተኛው ታካሚዎች ግን አንድም አልተመለሱም። እትዬም ባለፈው ሳምንት ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው፣ የመጋረጃ ሰፊ ዘመድ ድሮም እጇ ከመርፌ አያልፍም አሉ። ዝምተኛው ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ጠረጴዛውን ያይ ነበር። ትንሿ ሐኪም አይኖቹን ፈለገች፤ አልሰጣትም።

ያን ዕለት ማታ አልቅሳለች። ካለቀሰች በኋላ ግን የገዛ እጆቿን እንደ ጥፋተኛ ገልብጣ ገልብጣ እያየች መሆኗ ታወቃት። በጣም የከፋት ይሄ ነበር።

ከዚያ ነው እትዬ ለብቻዋ ጠርተው ውላቸውን የነገሯት። ልጃቸው እንደሚወዳት ያውቃሉ። የሚያለቅስ ልጅ ቤታቸው ውስጥ ማየት አይፈልጉም። ታካሚዎቹ ይጠሩ፣ እሷ በፊታቸው ጥፋቱ የእጄ ነው ብላ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ከዚያ ምራታቸው ትሆናለች፤ ካርድ ክፍል ትቀመጣለች፣ ጥርስ አትነካም። የባላቸው ስም ያለበት ቤት ግን እንዳይታማ።

በቀጠሮው ዕለት ጠዋት አክስቷ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ፣ ከንፈሯ ላይ መርፌ ነክሳ አዳመጠቻት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አለች መጀመሪያ። ከዚያ መርፌውን ከአፏ አወጣች።

«እሺ ብትያቸው አልፈርድብሽም፤ ልጁን እንደምትወጂው አያለሁ። ግን ስሚኝ፣ ሰው አንገቱን ደፍቶ በገባበት ቤት፣ ቀና ባለ ቁጥር ጣሪያው ይመታዋል።»

ትንሿ ሐኪም ጫማዋን አሰረችና ወጣች።

* * *

ዝምተኛው ረፋዱ ላይ የመንገዱ ማጠፊያ ላይ ቆሞ እየጠበቃት ነበር። ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ወዳለችው ትንሽ ሻይ ቤት ገቡ። እሷ ሻይ አዘዘች፣ እሱ ጭማቂ። ለወትሮው ተለምኖ የሚናገረው ሰው ዛሬ ቃሉን አዘጋጅቶ መጥቷል።

እናቱ ግትር መሆኗን እሱ ከማንም በላይ ያውቃል። አንዴ ካሸነፈች ግን ትረሳዋለች። አንድ ቃል ናት፤ ትባልና ታልቃለች። ከዚያ በኋላ የራሳቸው ቤት፣ የራሳቸው ሕይወት። ይህን ሁሉ አይኖቿን እያየ ነገራት፤ እውነትም ደክሞት ነበር፣ ከአይኑ ሥር ጠቁሯል። አንጀቷን በላው። አንድ ቃል ናት እኮ፣ አለች በልቧ። እንዲህ የሚያየኝን ሰው በአንድ ቃል አላጣውም።

ግን አንድ ነገር መጠየቅ ነበረባት።

«አንተስ?» አለችው። «ከልብህ ንገረኝ። ጥፋቱ የእጄ ይመስልሃል?»

ብርጭቆውን አንስቶ በመምጠጫው ስትሮ ሳበ። በዚያች ቅጽበት የቀኝ አይኑ ሳይወድ ተጨፈነ፣ እጁ ሳያስበው ወደ ጉንጩ ሄደ። ወዲያው መልሶ አወረደው። የሐኪም አይን ግን ካየ አየ ነው።

የቱ ነው ብትለው ምንም አለ። አፍህን ክፈት አለችው። እዚህ? አላት፣ ዙሪያውን እያየ። እዚህ አለች። ስልኳን አውጥታ መብራቷን አበራች። ጎን ያሉት ሰዎች ሻያቸውን ረስተው ዞሩ፤ አንዷ ሴትዮ ጥርሱን ልትሸጥለት ነው እንዴ አለች። ትንሿ ሐኪም የታችኛው መንጋጋው ላይ የገዛ ሥራዋን አየች። በሙሌቷ ጠርዝ ዙሪያ ቀጭን ጥቁር መስመር ዞሯል።

ቀስ ብላ የስልኳን መብራት አጠፋች። መቼ እንደጀመረው ጠየቀችው። ሳምንታት ሆኖታል። ሌሊት ሌሊት ሳይቀር ያመዋል።

አሁን ሌላም ነገር መጣላት። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ፣ ወሬ ሆዷ ውስጥ የማያድርላት፣ ዝምተኛውን ከአንዲት የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛው ክሊኒክ ሲወጣ ሁለቴ እንዳየችው ነግራት ነበር። ትንሿ ሐኪም ያን ወሬ ሆድ ይፍጀው ብላ ውጣዋለች፤ ውጣውም አልረጋላትም። አሁን ፊት ለፊት ጠየቀችው።

«አዎ ሄጃለሁ» አለ። «አንዴ ማስታገሻ ልትሰጠኝ። ሁለተኛ ስሄድ ከፍታ ልትሠራው ማደንዘዣ አዘጋጅታ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ተነሳሁ።»

«ለምን?»

«ያንቺን ሥራ ሌላ ሰው ሲያፈርሰው ማየት አልቻልኩም።»

ትንሿ ሐኪም ወደ እሱ ጠጋ አለች። ይህ ሰው እናቱ በእሷ ላይ እንዳትጠቀምበት ብሎ ሕመሙን ሳምንታት ታቅፎ ተኝቷል። እንደዚህ የወደዳት ሰው የለም። እጇን ወደ ጉንጩ ልትዘረጋ ስትል ግን፣ ከደስታዋ ሥር ሌላ ነገር ጎረበጣት፤ ምን እንደሆነ ለማወቅም ጊዜ አልወሰደባትም።

«ደበቅከኝ» አለችው።

«ስለምወድሽ ነው።»

«ስለወደድከኝ ነው፣ አውቃለሁ። የደበቅከው ግን ጥፋቱ የእኔ ነው ብለህ ስላመንክ ነው። አንዴ እንኳ፣ እስቲ ይሄ ነገር ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆን አላልክም። ወደኸኛል፤ እጄን ግን አላመንከውም።»

ዝምተኛው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረገ፤ ጠረጴዛውን አየ። ከዚያ፣ ባልተናገረው የሚሻለውን ተናገረ።

«ምን ላድርግ? የእኔዎቹ እኮ አልተመለሱም።»

ይህ ቃል ከእናቱ ስድብ ይልቅ አቃጠላት። ተነስታ ልትሄድ ቦርሳዋን አነሳች። ቦርሳዋን እንዳነሳች ቀረች። የእሱ አልተመለሱም። እውነት ነው። ሁለቱም አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ መምህር እጅ ላይ ነው የተማሩት። ከአንድ ሣጥን የወጣ አንድ ዓይነት ቱቦ ይጠቀማሉ። እሷ ሙሌቱን ስስ ስስ አድርጋ በንብርብር እንደምትሠራ፣ በየንብርብሩ መብራት እንደምትመታ፣ አጠገቧ ቆሞ አይቷታል። እሱም የሚሠራው እንደዚያው ነው። ታዲያ በሁለቱ መካከል የሚለየው ምንድን ነው?

«ያንተን ጥርስ የሞላሁት የት ነበር?» አለችው።

«ክፍል አንድ። ታውቂው የለም?»

ከጭማቂው ብርጭቆ ውስጥ ስትሮውን መዘዘችና በናፕኪን ጠረገችው። ተነስ አለችው። ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ ማለት አሁን ነው።

* * *

ሲደርሱ ክሊኒኩ ለምሳ ተዘግቶ ነበር። ትንሿ ሐኪም ስትሮውን በመቀስ ቆርጣ ሁለት አጫጭር ቀለበት አወጣች። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ሙሌት ጠቅጥቃ ሞላች። አንዱን ክፍል አንድ ወስዳ በእትዬ መብራት መታችው፤ ሰዓቱም ርቀቱም በታካሚ አፍ ውስጥ እንደምታደርገው ነው። ሌላውን ክፍል ሁለት ወስዳ በአዲሱ መታችው። ከዚያ የስትሮውን ቀለበት ሰንጥቃ አወለቀችና ሁለቱን ጥርስ የሚያካክሉ ድቡልቡል ነገሮች ዝምተኛው መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

ላያቸውን በመርፌ እንዲቧጥጠው ነገረችው። ቧጠጠ። ሁለቱም ድንጋይ ናቸው፤ መርፌው አንሸራተተ እንጂ አልነከሰም። እሷም እስከዛሬ የምታደርገው ይህንኑ ነበር። ሐኪም ሁሉ የሚፈትሸው ላዩን ነው። ታቹ ጥርስ ውስጥ ተቀብሯል፣ ማን ያየዋል?

«አሁን ገልብጣቸው» አለችው።

የክፍል ሁለቱ ታቹም ድንጋይ ነው። የክፍል አንዱን ገልብጦ በጥፍሩ ሲጫነው ግን ጥፍሩ ሰመጠ። ያልጠነከረ፣ እንደ ቀዝቃዛ ሰም ነገር ነው። ዝምተኛው ወደ መብራቷ ሄዶ አበራትና መዳፉን ዘረጋ። ያው ሰማያዊ ፈሰሰ። ግን እኮ ታበራለች፣ አለ። ታበራለች፣ አለችው ትንሿ ሐኪም። ለአይን ታበራለች። አይን ሰማያዊ መሆኑን እንጂ ኃይሉን አይመዝንም። አምፖሉ ከዓመት ዓመት እየደከመ፣ ብርሃኑ ላዩን ብቻ እያጠነከረ ወደ ታች መድረስ አቅቶት ነው፤ ላዩ ድንጋይ፣ ታቹ ሊጥ ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው።

የሐኪም ክብ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣባት። እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። ምንም አልሆኑም። መቼም ምንም ሆነው አያውቁም። ይህን ያህል ሳምንት በገዛ እጇ ስታፍር መክረሟ አሁን አንገበገባት።

ዝምተኛው ጉልበቱ ላይ ዝቅ ብሎ ሁለቱንም እጆቿን ያዘ። ይቅር በይኝ አላት። ልቧ ሊቀልጥ አንድ ስንዝር ቀርቶት ነበር። ግን እሱ ቀጠለ።

«መብራቷን በሚመጣው ሳምንት በዝግታ እቀይራታለሁ። ተበላሸች ብዬ። ዛሬን ብቻ… እማዬ ታውቂያታለሽ። ያቺ መብራት እኮ ለእሷ አባቴ ናት። ደክማለች ብትያት ሁለተኛ ቀበርሽው ማለት ነው። ዛሬን ብቻ ያን ቃል በይላትና እንለፈው።»

ትንሿ ሐኪም እጆቿን ከእጁ ውስጥ ቀስ ብላ አወጣች።

«ትናንት ብትለኝ፣ ሳታውቅ ነው ብዬ ይቅር እልህ ነበር» አለች። «አሁን ግን ታውቃለህ። እዚህ እጅህ ላይ ይዘኸዋል። እዚያ ውጭ የሚመጡት ሰዎች አፋቸው ውስጥ የያዙት ይሄን ነው። ገና ያላመማቸውም አሉ፤ ላዩ ድንጋይ ስለሆነ ደህና ነን ብለው የሚያኝኩ። እነሱን ዋሽቼ ላግባህ? አግብቼህስ፣ በየጠዋቱ ስታየኝ ምን ልታይ ነው? ወይ እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጥና ጥርስህን ልክፈተው፣ እናትህ እያዩ፤ ወይ በሩን ክፈትልኝና ልሂድ።»

እናቴ ፊት? አላት። እናትህ ፊት አለችው።

ዝምተኛው በሩን አየ። ወንበሩን አየ። በሕይወቱ ሙሉ በዝምታው ሰው ሁሉ ሲያመሰግነው ኖሯል፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባለ ነው ያደገው። አሁን ያ ዝምታ እንዴት እንደከበደው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ትንሿ ሐኪም አልረዳችውም። ቆማ ጠበቀች፤ አይኗን ሳትሰብር። ከወንበሩ ይልቅ በሩን ቢመርጥ እንደምትሞት ታውቃለች። ቢሆንም አንዲት እርምጃ ወደሱ አልሄደችም።

ሄዶ ተቀመጠ።

* * *

እትዬ የገቡት ማደንዘዣው ሲይዝለት ነው። ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ለይቅርታው ሥነ ሥርዓት ተዘጋጅተዋል። ውጭ ታካሚዎቹ ተሰብስበዋል፤ የሹፌሩ ሳል ይሰማል። እትዬ መጀመሪያ ያዩት ልጃቸውን አይደለም፤ በባላቸው መብራት ጎን የተቀመጠችውን የክፍል ሁለት መብራት ነው።

«ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?» አሉ።

ትንሿ ሐኪም ጭምብሏን ሳታወልቅ፣ ልጃቸው ታሞ እንደነበረ፣ ሕመሙም በዚህ ክፍል ከተሞላው ጥርሱ እንደሆነ፣ አሁን ልትከፍተው እንደሆነ ነገረቻቸው። እትዬ ፊታቸው ተለዋወጠ። ልጄንም፣ አሉ። ልጄንም አበላሸሽው። ተነስ አሉት። አሁኑኑ ተነስ።

ዝምተኛው አፉ ተከፍቶ ጥጥ ተጎስጉሶበታል፤ መናገር አይችልም። እጁን ግን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አላነሳውም። እናቱ ሁለተኛ ተነስ አሉት። ጣቶቹ መደገፊያውን ጨብጠው ነጡ። አልተነሳም።

መሰርሰሪያው ጮኸ። ትንሿ ሐኪም በሙሌቱ ዙሪያ በጥንቃቄ ዞረች። ከሥሩ አልያዘም ነበርና ብዙም ሳይታገላት በአንድ ቁራጭ ወጣ። በንጹሕ ጋዝ ላይ አስቀምጣ ጓንት ለእትዬ ሰጠች። እትዬ ጓንቱን ያጠለቁት ከልማድ ይመስላል፤ ስንት ዓመት በዚህ ክፍል ሲያጠልቁ ኖረዋል።

«ላዩን ይጫኑት» አለቻቸው። ተጫኑት። «አሁን ገልብጠው ይጫኑት።»

ተጫኑት። የጣታቸው ጫፍ ምልክት ትቶ ተነሳ።

እትዬ ቁራጩን መልሰው ጋዙ ላይ ጣሉት። ውሸት ነው አሉ። ዛሬ ጠዋት እንኳ አብርተው አይተዋታል፣ ፍም ናት። የባሌ እጅ የሠራባት መብራት ናት፤ እኔ ነኝ የያዝኳት፤ አንቺ ገና ጥርስ ሳታወጪ የስንቱን አፍ ያዳነች ናት።

«እውነትዎን ነው» አለች ትንሿ ሐኪም። «የባልዎ ሙሌት ዛሬም በሰው አፍ ውስጥ አለ፤ አይቻለሁ፣ ንቅንቅ አይልም። ያኔ መብራቷ ጎበዝ ነበረች። አሁን ደክማለች፣ እትዬ። የደከመን ነገር ደክመሃል አለማለት ማክበር አይደለም፤ እሱ ማሠቃየት ነው።»

«በቤቴ ቆመሽ ነው እንዲህ የምትናገሪኝ?»

«በቤትዎ ቆሜ ነው። ጥርሱን ልጨርስለትና እወጣለሁ። ግን ይህን ይስሙኝ፣ ጥፋቱ የእጄ ነው አልልም። ዛሬም አልልም፣ ነገም አልልም። ልጅዎን እወደዋለሁ፤ ምን ያህል እንደምወደው እሱ ራሱ አያውቀውም። በውሸት ግን አልገዛውም። እንደዚያ ከሆነ ይቅርብኝ።»

ዞራ ሥራዋን ቀጠለች። ጥርሱን አጸዳች፣ ሙሌቱን ስስ ስስ አድርጋ በንብርብር አኖረች፣ በየንብርብሩ የአዲሱን መብራት ጫፍ አስጠግታ መታችው። እትዬ በሩ አጠገብ ቆመው አዩ። ከዝምተኛው ቀኝ አይን አንዲት እንባ ወርዳ ጆሮው ውስጥ ገባች። ጥርስ ያመመው ሰው ማልቀሱ ብርቅ አይደለም፤ ትንሿ ሐኪም ግን የታችኛው መንጋጋው ሙሉ በሙሉ መደንዘዙን ታውቃለች።

* * *

እትዬ ቀድመው ወጥተዋል። ትንሿ ሐኪም እጇን ታጥባ፣ ጋውኗን ሳታወልቅ፣ ወደ መቀበያው ተራመደች። ታካሚዎቹ ሁሉ ቀና አሉ። ሹፌሩ ጉንጫቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል፣ አስተማሪዋ ከጎናቸው። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ በመስኮቷ ግማሽ አካሏ ወጥቷል። ትንሿ ሐኪም አፏን ልትከፍት ስትል አንድ እጅ ትከሻዋን በቀስታ ነክቶ አለፋት።

ዝምተኛው ከፊቷ ቆመ። የከንፈሩ ቀኝ ጎን ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ አገጩ ላይ ምራቅ ይወርድበታል፤ ቃሉ ሲወጣ ግማሹ እየተሰባበረ ነው። ግን ማንም ያልሰማው አልነበረም።

«ጥፋቱ የእሷ እጅ አይደለም» አለ። «የቤታችን መብራት ነው። ደክሞ ነበር፣ እኛም አላየንም። እኔ… እኔ ለራሴ ጥርስ እንኳ አልጠየቅኩም። እሷን ጠርጥሬ ዝም አልኩ። እሷ ይቅርታ አትጠይቅም። የምጠይቀው እኔ ነኝ። ያመማችሁንም ያላመማችሁንም ጥርስ እንደገና እንሠራላችኋለን።»

ሹፌሩ ጉንጫቸውን እንደያዙ ወደ አስተማሪዋ ዞሩ።

«እዪ እንግዲህ፣ ይሄ ልጅ የሚናገረው አፉ ሲደነዝዝ ነው ማለት ነው» አሉ። «ምነው አንድ ሰው ቀደም ብሎ በወጋው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የታመመውም ጉንጩን ይዞ ሳቀ። እትዬ ግን አልሳቁም። ከካርድ ክፍሉ መስኮት አጠገብ፣ የገዛ ቀኝ መዳፋቸውን ገልብጠው እያዩ ቆመዋል። ትንሿ ሐኪም ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። እትዬ ቀና ሳይሉ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገሩ።

«በዚህ እጅ ነው የማበራት። በየቀኑ። በእጄ ላይ ስትደክም እንዴት አልታወቀኝም?»

ይህ ጥያቄ ከቁጣቸው ሁሉ በላይ ትንሿ ሐኪምን ጎዳት። ማንም ቢሆን አይታወቀውም ነበር፣ አለቻቸው። አላዩም የሚልዎት ካለ ወደ እኔ ይላኩት። እትዬ ይህን ሲሰሙ ለአፍታ አይኗን አዩ። ከዚያ አንገታቸውን ቀና አደረጉና ቀሚሳቸውን አስተካከሉ።

«የሠርግ ነገር ግን ገና ቃል አልሰጠሁም» አሉ።

«እኔም አልሰጠሁም» አለች ትንሿ ሐኪም።

ዝምተኛው ከኋላቸው ሰምቷል። ሰው ሁሉ እያየ፣ አገጩን በመሐረብ ይዞ፣ ፊቷ መጥቶ ቆመ። ለሦስት ዓመት በአይኑ ብቻ ሲላት የኖረውን ዛሬ በተንጋደደ ከንፈር ሊላት ነው። ታገቢኛለሽ ወይ አላት። ከተሰበሰበው መካከል አስተማሪዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ትንሿ ሐኪም አየችው። ያ የያዛት መያዝ፣ የሌሊት ሕመሙ፣ ጠረጴዛ ሲያይ የኖረ አንገቱ፣ ወንበሩ ላይ የነጡ ጣቶቹ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ በፊቷ ቆሙ። እሺ የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጥቷል። ግን ማንም አስቸኩሎ አያወጣውም፤ እናቱም፣ ሰዉም፣ የገዛ ልቧም።

«አፍህ ሲመለስልህ ጠይቀኝ» አለችው። «በደነዘዘ አፍ ለተጠየቀ መልስ አልሰጥም።»

ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞራ፣ ይግቡ አባባ፣ ከእርስዎ እንጀምር አለች። ክፍል አንድን በሰፊው ከፈተችላቸው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እሷ ስትሠራ፣ ዝምተኛው በሁለቱ ክፍሎች መካከል ሲመላለስ ዋለ፤ በየደቂቃው ከንፈሩን በጣቱ እየቆነጠጠ፣ ተመለሰልኝ ይሆን እያለ። እሷም በጭምብሏ ሥር ፈገግ እያለች ታየው ነበር። መልሷን ታውቀዋለች። ማንም አጎንብሺ ብሎ ያላስጎነበሳት፣ እጇን የምታምን ሴት መልስ ነው፤ እስኪጠየቅ ድረስም የራሷ ብቻ ነው።